ከሾላው ጀርባ የተቀመጠችው

ጋሽ ኢዘዲን ሰውን የሚያስታውሱት በስሙ ሳይሆን በዛፉ ነው። ጭሮ ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሰላም ሲላቸው አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር ያደርጋሉ፤ የቀረቻቸው ብርሃን በቀኝ ዓይናቸው ጥግ ያለችው ናትና። ጥቂት ያዩታል፣ ጥቂት ያስቡታል፣ ከዚያ ፊታቸው ይበራል።

«አንተማ የባሕር ዛፉ ነህ! ጅቡቲ ልትሄድ ስትል ያነሳሁህ። ጥርስህን ክደን ብልህ እምቢ ያልከኝ!»

«እኔው ነኝ ጋሽ ኢዘዲን። ጥርሱ ግን አሁን የለም።»

«ባሕር ዛፉስ የት አለና!»

ይሳሳቃሉ። ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። ሽማግሌው ወደ ገበያው፣ ጋሽ ኢዘዲን ወደ ዝምታቸው ይመለሳሉ።

የገለምሶ ልጅ ናቸው። በጉብዝናቸው ወራት ድሬዳዋ ወርደው፣ አንድ አርመን ፎቶ ቤት ውስጥ መስታወት ሲወለውሉና የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሲበጠብጡ ሙያውን ለመዱት። ከዚያ ባለ ሦስት እግሩን የሳጥን ካሜራ በጫንቃቸው ተሸክመው ወደ ጭሮ መጡ፤ ያኔ ከተማዋ አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው። ፎቶ ቤት የሚሆን ቤት አልነበራቸውም። የነበራቸው ቦዩ ነው።

የዛሬ ልጆች ቦዩን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ፌስታልና ገረባ፣ የጫት ትራፊ፣ የሚወርድበት ጉድባ ነው። ያኔ ግን ከተራራው ሥር ተነስቶ በከተማዋ መሐል እየተሽሎከለከ ወደ አትክልት ቦታዎቹ የሚወርድ፣ ጠጠሩ የሚቆጠርበት ውሃ ነበረ። ዳርና ዳሩን ዛፍ ይዞታል። ጋሽ ኢዘዲን ገና በመጡ ሰሞን እዚያ ቆመው ብርሃኑን አዩና ቤት ፍለጋውን ተዉት። ከጥላው ሥር ሲቆም የሰው ፊት ይለሰልሳል፤ ውሃው ደግሞ ብርሃኑን ከታች ይመልስለትና ከአገጩ ሥር ያለውን ጨለማ ያጥብለታል። ከዚህ የበለጠ ፎቶ ቤት ማን ይሠራል?

ካሜራው ቀርፋፋ ነበር። ክዳኑ ተነስቶ እስኪመለስ ድረስ ሰው ትንፋሹን ውጦ መቆም አለበት፤ የተንቀሳቀሰ ይጠፋል። በእነዚያ የመጀመሪያ ፎቶዎች ውስጥ ቅጠሉ ጭስ ነው፣ ውሃው የተሰጣ ነጠላ ነው፣ ግንዱ ብቻ ግንድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ «ግንዱን ተደገፍ፤ እሱ መቆም ያውቃል» ይሉት ነበር። ከዚያ ጥቁሩን ጨርቅ ይገልጡና በቦዩ ዳር ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «አትተንፍሱ!» ይላሉ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳይቀሩ ጨርቁን ጨብጠው ቀጥ ይላሉ። የማይታዘዘው ውሃው ብቻ ነበር።

ለዛፎቹ ትርጉም የሰጧቸው እሳቸው አይደሉም፤ ከተማው ነው። ሾላው ከገዛ ግንዱ ላይ ፍሬ ያዘንባልና የሙሽሮችና የአራስ ሴቶች ሆነ። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣልና የመንገደኛ ሆነ፤ ወደ ጅቡቲ የሚሻገር ሁሉ እሱን ተደግፎ ይነሳል፣ እናቱም ፎቶውን ስታይ «ያቆጠቁጣል፣ ይመለሳል» ትላለች። ጥዱ የሽማግሌ ነው። አንዴ ከተቆረጠ አይበቅልም፤ እንጨቱ ግን አይበሰብስም። «ጥዱ ሥር አንሳኝ» ያለ ሰው ለሌላው ሳይሆን ለራሱ የነገረው ነገር አለ። ይህን ሕግ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነበር የሚጠብቀው። ተሳስተው አንዲት ሙሽራ ጥዱ አጠገብ ቢያቆሙ አማቲቱ ፎቶውን መሬት ላይ ትወረውርላቸዋለች።

ሴቶቹ ሲያጥቡ የሚሏት ነገር ነበረች፤ ጋሽ ኢዘዲን ዛሬም ብቻቸውን ሲሆኑ በለሆሳስ ይሏታል፦

ውሃ መንገደኛ፣ ዛፉ ባለ አገር፣
አንዱ ሲሄድ ኖረ፣ አንዱ ቆሞ ሲቀር።

ይህችን ግጥም ያመጣችው ሰዓዲያ ናት። የመቻራ ልጅ፣ የቡና ገበሬ ልጅ፣ የጋሽ ኢዘዲን ሚስት። መድኃኒቱን የምትበጠብጥላቸው እሷ፣ የታጠበውን ፎቶ እንደ ልብስ በገመድ ላይ የምታሰጣው እሷ። ግማሽ ወረዳ በእጇ ሲያልፍ የራሷ ፎቶ አልነበራትም። ሠርጋቸው መቻራ ነበር፤ ካሜራው አሰበ ተፈሪ። «ነይ ላንሳሽ» ሲሏት ትስቃለች።

«ሾላ ሥር ብቻዬን ቆሜ ምን ልባል? ፍሬ ጠባቂ ዝንጀሮ?»

«ባሕር ዛፉ ሥር ቁሚ።»

«የት ልትሰደኝ ነው ደግሞ?»

«እሺ ጥዱ...»

«አፍህን ያዝ አንተ ሰው!»

ስታረግዝ ነገሩ ተቆረጠ። «ልጁ ይወለድና ታቅፌው ሾላው ሥር ታነሳኛለህ፤ ያኔ እንኳን አንድ አሥር አንሳኝ» አለች። እሳቸውም «ኢንሻአላህ» አሉ። ቀጠሮው ይኸው ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ሠርግ ሆነ። ሙሽሮቹ ከወደ ደቡብ መጥተው በከተማዋ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ልጆች ናቸው፤ እሱ ዋሲሁን፣ እሷ የሺሐረግ። ዘመድ አዝማዱ እየጨፈረ ወደ ቦዩ አመጣቸው፣ ሾላው ሥር ቆሙ። ጋሽ ኢዘዲን ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገቡ። በጨርቁ ውስጥ ዓለም የተገለበጠ ነው፤ ሙሽራ በራሷ ቆማ፣ ዛፍ ሥሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ነው የሚታየው። እዚያ ውስጥ ሆኖ ጠርዝ ጠርዙን ማን ያያል? «አትተንፍሱ!» አሉ። ክዳኑን አንስተው መለሱ።

ሲመሽ በቀዩ አምፖል ሥር ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከሩት። መጀመሪያ ግንዱ መጣ። ቀጥሎ ሙሽሮቹ መጡ፤ የሺሐረግ ዝንብ አስደንግጧት ኖሮ ዓይነ ርግቧ ጭስ ሆኗል። ከዚያ ከሾላው ጀርባ፣ በስተግራ፣ ያልተጠበቀ ነገር ብቅ አለ። አንዲት ሴት ቦዩ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። እንስራዋ አጠገቧ ጋደም ብሏል። ፊቷ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ግን ከሙሽሮቹም ከዘመዶቻቸውም ይልቅ የጠራች እሷ ናት።

«ሰዓዲያ! ነይ ወዲህ! የሠራሽኝን እይ!»

ገባች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። አትተንፍሱ ስትል ሰማሁ። ምን ላድርግ? አልተነፈስኩም!»

«የሰው ሠርግ ውስጥ ገብተሽ...»

«ተዋቸው አቦ፤ እነሱ ከሙሽራዋ ሌላ ምን ሊያዩ? ይልቅ እየኝ፣ መቆም የምችል እኔ ብቻ ነኝ። የፎቶ አንሺ ሚስት እንዲህ ናት!»

ፎቶው ለሙሽሮቹ ተሰጠ።

ክረምቱ ሲገባ ምጥ መጣ። ሰዓዲያ ከነልጇ ቀረች። በቀብሯ ዕለት የጀመረው ዝናብ ሳያባራ ውሎ አደረና ቦዩ ዳሩን ጥሶ ወጣ፤ ጎርፉ የእነ ጋሽ ኢዘዲንን ጓዳ ሞልቶ ኔጋቲቮቹን በሙሉ ጠርጎ ወሰደ። ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ዕቃ ይተካል» አላቸው። ሰው ምን ያውቃል። በዓለም ላይ የሰዓዲያ ፊት ያለበት አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ፤ እሱም የሰው ሠርግ ፎቶ፣ የሰው ግድግዳ ላይ።

ሄደው ለምን አልጠየቁም? ሊሄዱ ነበር። ቀድመው ግን የዋሲሁን እናት መጡ። ሙሽራዋ ከርማ ከርማ ሆዷ አልገፋም። ሾላ ሥር የቆመች ሙሽራ እንዴት ትመክናለች? ሴትዮዋ ፎቶውን መስኮት አስጠግተው መረመሩት፤ ያቺን ሴት አገኟት። ከሁሉ በላይ እንስራዋን አገኙት። አፉን ወደ ሙሽራዋ አዙሮ የተጋደመ ባዶ እንስራ። ባዶ እንስራ ያገኘው መንገደኛ እንኳ ወደ ቤቱ በሚመለስበት አገር፣ ባዶ እንስራ ከሙሽራ ጀርባ! በጋሽ ኢዘዲን ደጅ ቆመው ጮኹ።

«የማን ገፊ ናት ይቺ? ንገረኝ! የማን ገፊ ናት ልጄን ዘር ያሳጣችው?»

ጋሽ ኢዘዲን ገና ሐዘናቸው አልወጣም። «ሚስቴ ናት» ቢሉ ስሟ በከተማው አፍ ውስጥ ይገባል፤ አፈሯ ሳይደርቅ ትረገማለች። ዝም አሉ። ሴትዮዋ ተራግመው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ሱቁን ነቅሎ ሂርና ገባ። ያቺ ባለ ምስር ፍሬ ፊትም አብራ ሂርና ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው እንደ ማንኛውም ፎቶ አንሺ ዕድሜ ነው። የመታወቂያ ፎቶ መጣ፣ ባለ ቀለም መጣ፣ የግድግዳ ሥዕል ያላቸው ፎቶ ቤቶች መጡ። ባሕር ዛፉ ለግንባታ ተቆረጠ፤ ጉቶውን ደግሞ አስፋልት ሸፈነው፣ ሊያቆጠቁጥ ቢፈልግም መውጫ የለውም። ጥዱ በአንድ ንፋስ ወደቀ። ሁለተኛ ሚስት አላገቡም። የእህታቸው ልጅ ሀኒፋ ባሏን ፈትታ ስትመጣ አብራቸው መኖር ጀመረች። ጫት ነጋዴ ናት፤ ምላሷ ከሰንጢ ይቀድማል፣ ልቧ ግን ሌላ ነው።

ባለፈው ዓመት ዓይናቸው መጨለም ጀመረ። የዓይን ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው» አላቸው። ጋሽ ኢዘዲን ሲሰሙ አልደነገጡም። የደነገጡት ሀኒፋ ስልኳን ያሳየቻቸው ዕለት ነው። የገበያውን ሰው በሙሉ በአንድ ፎቶ አንስታ ነበር።

«አጎቴ፣ ይቺን ጥግ ላይ ያለችውን ነጥብ ታያታለህ?»

«አላይም።»

ሁለት ጣቷን መስታወቱ ላይ ከፈት አደረገች። ነጥቧ አደገች፣ ሰው ሆነች፣ ፊት ሆነች፤ ያቺ ቲማቲም ሻጭ ጎረቤታቸው ሰሐን በሚያክል ፊት ሳቀችላቸው። ጋሽ ኢዘዲን አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር አድርገው ያለ ማቋረጥ አዩዋት።

«ምስር የምታክልም ፊት እንዲህ ትሆናለች?»

«ትሆናለች። ምነው?»

«ሂርና ውሰጂኝ» አሉ።

ነገሩን ሁሉ ያን ጊዜ ነው የነገሯት። ሀኒፋ የጫት እስሮቿን፣ ዙርባዎቿን፣ እርጥብ ጨርቅ እያለበሰች ሰማች። ስታበቃ «ይህን ሁሉ ዘመን ሆድህ ውስጥ ይዘህ? አንተ ሰው ነህ ቋጥኝ?» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከጭሮ ወጥቶ ወደ ሂርና የሚወስደው መንገድ ገደል ገደሉን ነው፤ ያን ዕለት ጉም ወርዶ ነበር። ሀኒፋ «ምንም አይታይም» ስትል «እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማየው» አሏት። መንገድ ላይ ባለችው አርበረከቴ ከተማ ረዳቱ በመስኮት ጮሆ ሁለት ሰው ሲጨምር፣ ጋሽ ኢዘዲን ደረታቸው ኪስ ውስጥ ያለችውን ማበጠሪያ አወጡና ፂማቸውን አበጠሩ።

«ለማን ነው የምትዋበው?» አለች ሀኒፋ።

«ዝም በይ።»

«እሷ እንደሆነች ገና ወጣት ናት። አንተን ስታይ ሽማግሌ ይዛችሁ መጣችሁ እንዳትል ነው የምፈራው።»

ሽማግሌው ሊስቁ ፈልገው ከንፈራቸው እምቢ አላቸው።

የየሺሐረግ ሱቅ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ጣቃ ጨርቅ፣ ትሪ፣ ቴርሞስ። ራሷ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ዋሲሁን ከሞተ ገና ነው። ጋሽ ኢዘዲን ስማቸውን ሲናገሩ መነጽሯን አወለቀች።

«ኢዘዲን ፎቶ አንሺው?»

«እሱ ነኝ።»

«እኔ እርስዎ የሞቱ ነበር የመሰለኝ።»

«ዓይኔ ነው የቀደመኝ፤ እኔ ገና ነኝ። የሺሐረግ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት። የሠርግሽን ፎቶ አንድ ጊዜ አሳይኝ። ላየውና ልሂድ፣ ሌላ ምንም አልፈልግ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ከመደርደሪያው በላይ ያለውን ትልቅ ክፈፍ አወረደችው። አዲስ ነው፣ ባለ ቀለም ሆኗል፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሾላው አረንጓዴ፣ ያ ጭስ የነበረው ዓይነ ርግብ እንኳ ጥልፉ ይቆጠራል። ሀኒፋ ስልኳን አውጥታ አነሳችው፣ ሁለት ጣቷን ከፈት አደረገች።

«ከግንዱ በስተግራ» አሉ ጋሽ ኢዘዲን። አንገታቸውን ዘወር አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ቀርበዋል።

«አጎቴ... ቅጠል ነው።»

«ከግንዱ በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ። ውሃው አፋፍ ላይ።»

«ዝቅም ብዬ አየሁ። ቅጠል ነው አጎቴ። ሁሉም ቅጠል ነው።»

የሺሐረግ ፊቷ ተለወጠ። «ያቺን ሴትዮ ነው የሚፈልጉት?» አለች። «እንግዲህ ልንገርዎት። ዋሲሁን አልጋ ከያዘ ወዲህ ያን ግድግዳ ማየት ጠላ። ‹ታየኛለች፤ ልሞት ስል ባዶ እንስራዋን ይዛ ተቀምጣ ታየኛለች› ይለኝ ነበር። እዚህ ማዶ ያለችው ሳብሪና በኮምፒውተር አሮጌ ፎቶ ታድሳለች ሲሉ ሰማሁና ወሰድኩላት። ሴትዮዋን አጥፊልኝ፣ በቦታዋ ዛፉን ጨምሪበት አልኳት። አደረገችልኝ።»

«አሮጌውስ?»

«ዋሲሁን ራሱ ከአልጋው ተነስቶ በእጁ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ጭሱ ቤት ውስጥ እንዳይቀር ብሎ በሩን አስከፈተኝ።»

ጋሽ ኢዘዲን መቀመጫ ፈለጉ። ሀኒፋ በርጩማ ሳበችላቸው። አስፋልቱ ላይ አንድ የጫት አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ ቴርሞሶቹ ተንቀጫቀጩ።

«ሚስቴ ነበረች» አሉ።

የሺሐረግ ክፈፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«እንስራው ባዶ ነበር፤ አልዋሽሽም። ልትቀዳ ነው የወረደችው። እሷ ግን ባዶ አልነበረችም። ልጅ ይዛ ነበር። በዚያው ክረምት ከነልጁ ቀበርኳት። አማትሽ ደጄ ላይ የማን ናት ሲሉኝ ስሟን አፌ ላይ አምጥቼ ዋጥኩት።»

የሺሐረግ ቀስ ብላ ባንኮኒውን ዞራ ወጣች፤ መሬት ላይ፣ በርጩማው አጠገብ ቁጭ አለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«እኔ እኮ ስንቱን ዘመን ረገምኳት» አለች። «ጠዋት ስነሳ፣ ማታ ስተኛ። የጎረቤት ልጅ ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር ዞሬ አያትና እረግማታለሁ። ልጅ ያላት እየመሰለኝ። እኔን ነጥቃ የወሰደችው እየመሰለኝ።»

«አንቺ ምን ታደርጊ።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«ሰዓዲያ።»

«ሰዓዲያ» አለች የሺሐረግ። በቤቷ ብዙ ዘመን የኖረች ሰው ስሟን ዛሬ እንደነገረቻት ያህል ነበር ያለችው።

ሀኒፋ ግን ተስፋ የምትቆርጥ አይደለችም። «ኮምፒውተር ነው አላልሽም? ኮምፒውተር ይረሳል እንዴ? ነይ አሳዪን ይቺን ሳብሪናን!» አለች። ሦስቱም አስፋልቱን ተሻገሩ። ጋሽ ኢዘዲን በሁለቱ ሴቶች መሐል ነበሩ፤ አንዷ ቀኛቸውን፣ አንዷ ግራቸውን ይዛለች።

ሳብሪና ቀልደኛ ሴት ናት፤ ሱቋ በር ላይ የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፊት ተደርድሯል። «አሰላሙ አለይኩም አባባ፣ ጥርስ ላስገባልዎት ወይስ ፀጉር?» ብላ ጀመረች። ነገሩን ስትሰማ ቀልዱ ከፊቷ ላይ ወረደ። ኮምፒውተሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሏል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቷል። ከገለምሶ ድረስ ጠጋኝ አስመጥታ ነበር፤ አልሆነም።

«ያ ረቢ» አለች ሀኒፋ።

ሳብሪና ሳታስበው ተናገረች።

«ግን አስታውሳታለሁ። እንዴት እረሳታለሁ? ሙሉ ቀን ፈጀችብኝ። ሌላውን ሰው ስታጎላው ጉም ነው የሚሆነው። እሷ ግን ባጎላኋት ቁጥር ትጠራለች፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቅጠሉን ከላይ እያመጣሁ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሸፈንኳት፤ መጀመሪያ እግሯን፣ እንስራውን፣ ደረቷን። ፊቷን መጨረሻ። ወላሂ አባባ፣ ጨክኜ ነው።»

ጋሽ ኢዘዲን ባሉበት ደርቀው ቀሩ። «ንገሪኝ» አሉ።

«ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። እዚህ ጋ፣ ግራ ቅንድቧ ላይ፣ ትንሽ የተሰነጠቀች ቦታ ነበረች።»

«መቻራ፣ ልጅ እያለች፣ ከቡና ዛፍ ወድቃ ነው።»

«ከንፈሯን ገጥማለች። ግን ሊያመልጣት የደረሰ ሳቅ ነው የያዘችው፤ ጉንጯ ይናገራል። ዓይኗ ደግሞ...»

«ዓይኗ ወደ ውሃው ነው» አሉ ጋሽ ኢዘዲን። «አውቃለሁ። በቀዩ አምፖል አይቻታለሁ፤ ወደ ውሃው ነው የምታየው።»

«አይደለም አባባ። ትንሽ ስለነበረች ነው እንደዚያ የመሰለዎት። ሙሽሮቹን አታይም፣ ውሃውንም አታይም። ቀጥ ብላ ካሜራውን ነው የምታየው። የሚያነሳትን ሰው ነው የምታየው።»

ከሽማግሌው ከሚያየውም ከማያየውም ዓይን እንባ እኩል ወረደ።

ሳብሪና ከርህራሄዋ የተነሳ ስልኳን አነሳች። «አሁን እኮ አዲስ ነገር መጥቷል። እኔ የማስታውሰውን ልንገረው፣ እርስዎም ይጨምሩበት፤ ፊቷን ሠርቶ ያመጣታል።»

«ተይ ልጄ። የማላውቃትን ሴት አታምጪብኝ። ያቺኛዋ ትበቃኛለች፤ አንቺ ነሽ መጨረሻ ያየሻት፣ እንዳትረሺያት ብቻ።»

ወደ ሱቋ ሲመለሱ የሺሐረግ ክፈፉን በነጠላዋ ጠቅልላ ልትሰጣቸው ዘረጋች። «ይውሰዱት። እኔ ያን ቅጠል ከእንግዲህ እንዴት ብዬ ነው የማየው?»

ጋሽ ኢዘዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሠርግሽ ነው፣ ግድግዳሽ ላይ ይዋል። ከመቻራ መጥታ ሂርና መቅረቷ ካልቀረ፣ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቤት ትቅር። ስትነሺ ስትተኚ በረገምሻት ፈንታ፣ አሁን ዱዓ አድርጊላት።»

ጭሮ ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ወደ ቤት አልገቡም፤ «ቦዩ ጋ» አሉ። ቦዩን በኮንክሪት ሊሸፍኑት ነው፤ ድንጋይና አሸዋ ተራግፏል፣ ሠራተኞቹ አካፋቸውን አስደግፈው ሄደዋል። ሾላው ብቻ ቆሟል። በግንዱ ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት ተደርጎበታል፤ ሊቆረጥ ነው። ጋሽ ኢዘዲን ቀይዋን ቀለም አላዩዋትም። ሀኒፋ አይታለች፣ አልነገረቻቸውም። በዳበሳ ግንዱን አገኙት፤ ግንባራቸውን አስነክተው ቆዩ።

ጥላሽን ሰጥተሽኝ ፊትሽን ነፈግሽኝ፣
አንቺ የሾላ ቅጠል፣ ምነው ሸሸግሽብኝ።

እንዲህ ያሉ ይመስላል፤ ድምፃቸው ለቅጠሉ እንጂ ለሰው አልነበረም። ከዚያ በግንዱ ዙሪያ ወደ ጀርባው ዞሩ፤ ቦዩ አፋፍ ላይ፣ እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ዕቃ አምጪልኝ» አሉ። «እንስራ።»

«እንስራ ከየት ላምጣ? ቢጫ ጀሪካን ነው ያለው፤ ሠራተኞቹ ጥለውት የሄዱት።»

«አምጪው።»

ባዶውን ጀሪካን አጠገባቸው አጋደሙት።

«አሁን ወደዚያ ሂጂ። ሙሽሮቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ነበሩ፤ ካሜራውን የማቆመው እዚያ ነው።»

«ድንጋዩ አለ። ደርሻለሁ። ምን ታያለህ?»

አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር አደረጉ። በቀረቻቸው ጥግ፣ በቅጠሉ መሐል፣ አንድ ጥቁር ነገር ቆሞ አዩ። ፊት የለውም፣ ሰው እንደሆነ ብቻ ያስታውቃል። ለካስ እሷ ታይ የነበረው ይህን ነው። በጥቁር ጨርቅ ራሱን የሸፈነ፣ እሷን የማያይ ሰው።

«እኔን ነው የማየው» አሉ ጋሽ ኢዘዲን። «አንሺኝ።»

ሀኒፋ ስልኳን ከፍ አደረገች። ልትቀልድ ፈለገች፣ አልመጣላትም። የአጎቷን ቃል ነው ያገኘችው፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ሰው በሌለበት ቦይ ዳር ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣

«አትተንፍሱ!» አለች።

ሽማግሌው ከንፈራቸውን ገጥመው ቀጥ አሉ። ስልኩ ቀጭ አለና ጨረሰ። እሳቸው ግን እንደተቀመጡ ናቸው። ቅጠል እላያቸው ላይ ይወርዳል፣ ደረታቸው አይነሳም፣ ዓይናቸው ካለበት አልተነቀለም።

«አጎቴ፣ አልቋል! ተንፍስ አቦ፣ ታስፈራኛለህ!»

«ቆይ» አሉ፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ። «ያ ካሜራ ቀርፋፋ ነው።»